የጎና ድንጋዮች፦ ክርክሩ ዕድሜያቸው ላይ፣ ቁም ነገሩ አሠራራቸው ላይ

በየጥቂት ዓመቱ «የዓለም ጥንታዊው የድንጋይ መሣሪያ ተገኘ» የሚል ዜና ይወጣል። ከ1997 ጀምሮ ለ18 ዓመታት ያህል ይህን ማዕረግ ይዞ የቆየው በአፋር ክልል፣ ድንቅነሽ ከተገኘችበት ከሃዳር በስተምዕራብ የሚገኘው ጎና ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2015 ከኬንያ የቱርካና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ሎሜክዊ 3 የተባለ ሥፍራ የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ድንጋዮች ይዞ ብቅ አለ። በ2019 እዚያው አፋር ውስጥ ቦኮል ዶራ፣ በ2023 ደግሞ ኬንያ ውስጥ ኒያያንጋ ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ ጎና በብዙ ጽሑፎች ላይ «ቀድሞ ጥንታዊው ይባል የነበረ» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። አገሪቱ ራሷን «ምድረ ቀደምት» ብላ ለጎብኚ በምታስተዋውቅበት ጊዜ ይህ ቅር የሚያሰኛቸው ጥቂት አይደሉም።

ቅሬታው ቦታውን የሳተ ነው። ጎናን ጎና ያሰኘው የቀዳሚነት ቁጥሩ ሳይሆን ድንጋዮቹ የሚያሳዩት ሙያ ነው። ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት እዚያ የተቀመጡት ሠሪዎች የትኛው ድንጋይ እንደሚሠራና የትኛው እንደማይሠራ ለይተው ያውቁ ነበር፤ የት ላይ መምታት እንዳለባቸውም እንዲሁ። ይህን ለማየት አንድ ስለታም ቁራጭ ከድንጋይ እንዴት እንደሚወጣ ጠጋ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል።

ቦታውና ዕድሜው

የጎና የጥናት ክልል ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ካዳ ጎና፣ ኡንዳ ጎና፣ ቡሲዲማና ዳና አውሌ የተባሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ደርቀው የሚከርሙ ወንዞች መሬቱን እየሸረሸሩ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ከጥንት የተከማቸው ደለልም በየገደሉ ተገልጦ ይታያል። የድንጋይ መሣሪያ መኖሩ የታወቀው በ1970ዎቹ ነው። ጉድሩን ኮርቪነስ፣ ኤሌን ሮሽና ጃክ ሃሪስ በየተራ ሠርተውበታል። ትልቁ ቁፋሮ ግን የመጣው በ1992 እና 1994 መካከል ሲሆን፣ ኢትዮጵያዊው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ስለሺ ሰማው ምሥራቅ ጎና 10 እና 12 በሚባሉት ሁለት ሥፍራዎች ላይ ሠርቶ ከመሬት ገጽና ከቁፋሮ ወደ 3,000 የሚጠጉ ቁራጮች አግኝቷል። ውጤቱ በ1997 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ታተመ።

ድንጋዩ ራሱ መቼ እንደተመታ በቀጥታ አይለካም። የሚለካው ከበላዩና ከበታቹ ያለው ደለል ነው። ጎና ላይ ሁለት መንገዶች ተደጋግፈዋል። አንደኛው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ በአመዱ ክሪስታሎች ውስጥ የተጠራቀመውን የአርጎን ጋዝ መጠን በመለካት ከመሣሪያዎቹ በላይ የተነጠፈው አመድ ወደ 2.52 ሚሊዮን ዓመት ግድም እንደሆነ ታውቋል። ሁለተኛው የምድር መግነጢስ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ዋልታ ከ2.58 ሚሊዮን ዓመት በፊት አቅጣጫውን ቀይሯል፤ በደለሉ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የብረት ቅንጣቶችም የየዘመናቸውን አቅጣጫ ይዘው ደርቀዋል። መሣሪያዎቹ የተገኙት በዚህ መለወጫ መስመር አካባቢ ነው። «2.6 ሚሊዮን» የሚለው ቁጥር ከእነዚህ ሁለቱ መገጣጠም የመጣ እንጂ ግምት አይደለም።

አንድ ፍላጭ እንዴት ይወጣል

ኦልዶዋን በሚባለው በዚህ ጥንታዊ ዘዴ (ስሙ የተወሰደው ከታንዛኒያው ኦልዱቫይ ነው) ዋነኛው ምርት ፍላጭ ነው፤ ከእናት ድንጋዩ ተመትቶ የሚለይ፣ ስስና ጠርዙ ስለታም ቁራጭ። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። በአንድ እጅ እናት ድንጋዩን፣ በሌላው መምቻውን ይዞ መምታት ነው። ሞክሮት የማያውቅ ሰው ግን በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ዱቄት፣ የተጎዳ ጣትና ጠርዙ የተቀጠቀጠ ድንጋይ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከምርጫ ነው። ስንጥቅ በድንጋይ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚሄደው የድንጋዩ ቅንጣት ደቃቅና ወጥ ሲሆን ነው። ባልጩት ይህን ከማንም በላይ ያሟላል። ጎና ላይ ግን በእጅ የሚገባው ጥንታዊው አዋሽ እየገፋ ያመጣው ድብልብል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነበር፦ ትራካይት፣ ራዮላይት፣ ላታይት፣ ባዛልት፣ አልፎ አልፎም ካልሴዶኒ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በውስጣቸው ዓይን የሚያያቸው ትላልቅ ክሪስታሎች አሏቸው። ስንጥቁ እዚህ ክሪስታል ላይ ሲደርስ ወይ ይቆማል፣ ወይ ይጠማዘዛል። ከላይ ሙሉ የሚመስል ድንጋይ ውስጡ የተሰነጠቀ መሆኑም የተለመደ ነው፤ ወንዝ ሲያንከባልለው ሺህ ጊዜ ተጋጭቷልና። ለዚህ ቀላል መፈተኛ አለ፤ በሌላ ድንጋይ ቀስ ተብሎ ሲመታ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው የታፈነ።

ቀጥሎ ቅርጽ ነው። ፍላጭ እንዲወጣ ምት የሚያርፍበት ገጽና ፍላጩ የሚላቀቅበት ጎን የሚገናኙበት ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ማነስ አለበት፤ ለሥራ የሚመቸው ከ60 እስከ 80 ያለው ነው። ፍጹም ክብ የሆነ ድንጋይ እንዲህ ያለ ማዕዘን ስለሌለው ምንም ያህል ቢደበደብ አይከፈትም። ስለዚህ ጠፍጠፍ ያለ ወይም አንድ ጎኑ በተፈጥሮ የተቆረጠ ድንጋይ ይፈለጋል። መምቻው ድብልብል፣ ጠንካራና በመዳፍ የሚሞላ ቢሆን ይመረጣል። ለአንድ ኪሎ እናት ድንጋይ ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝን መምቻ ይበቃል።

ምቱ የሚያርፈው ከጠርዙ ወደ ውስጥ ግማሽ ወይም አንድ ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ነው። እዚህ ላይ ነው የፊዚክሱ ነገር የሚመጣው። በወንጭፍ የተመታ መስተዋት ከጀርባው በኩል በሾጣጣ ቅርጽ ተቦርቡሮ እንደሚወጣው ሁሉ፣ በድንጋይ ውስጥም ኃይሉ ከምቱ ነጥብ ጀምሮ እየሰፋ ይሄዳል። ጠርዝ አጠገብ ሲመታ የዚያ ሾጣጣ አንድ ወገን ብቻ ይወጣል፤ እሱ ነው ፍላጭ የሚሆነው። ከምቱ ነጥብ ሥር የሚቀረው ትንሽ እብጠት የዚያ ሾጣጣ አናት ነው። ባለሙያ አንድን ድንጋይ አንሥቶ መጀመሪያ የሚፈልገውም ይህንኑ እብጠት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሳሳተው ብዙ ነው፣ ስሕተቱም እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ትቶ ያልፋል። ምቱ ከጠርዙ በጣም ከቀረበ ጠርዙ ይደቅቃል፤ በዚያው ቦታ ደግሞ መምታት ነገሩን ያባብሰዋል፣ የደቀቀው ጠርዝ የሚቀጥለውን ምት ኃይል ይውጣልና። በጣም ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ የመታው ኃይል ስለማይበቃው ድንጋዩ ላይ ክብ ጠባሳ ብቻ ይቀራል፤ ኃይሉ ከበቃም ወፍራም ፍላጭ ያወጣና እናት ድንጋዩን ባንዴ ይጨርሰዋል። ኃይሉ ካነሰ ስንጥቁ መንገድ ላይ ቆሞ ፍላጩ በደረጃ ቅርጽ ይሰበራል። አቅጣጫው ወደ ውጭ ከዞረ ጫፉ ይታጠፍና ስለታም መሆን ሲገባው ድብልብል ሆኖ ይቀራል። እነዚህ ሁለቱ በእናት ድንጋዩ ላይ ጉብታ ይተዋሉ፤ ቀጣዩም ፍላጭ እዚያው ጉብታ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሁለት ሦስት እንዲህ ያሉ ጉብታዎች ከተደራረቡ ያ ጎን ሞተ ማለት ነው። ደግሞም ፍላጩ በምቱ መስመር ለሁለት የሚሰነጠቅበት ጊዜ አለ፤ ይህ በደንብ በሚመታ ሰው እጅ ላይም የሚከሰት ነው።

ጥሩ ምት የሚከተለው ነገር አለ። ስንጥቅ ጎልቶ የወጣ ሸንተረርን ይዞ መሄድ ይወዳል። የመጀመሪያው ፍላጭ ሲላቀቅ በሁለቱ ወገን ሸንተረር ይተዋል፤ ሁለተኛው ምት በዚያ ሸንተረር አናት ላይ ሲያርፍ ረጅምና ስስ ፍላጭ ይገኛል። እንዲህ እየተባለ በአንድ ጎን አራት አምስት ፍላጭ ከወጣ በኋላ ማዕዘኑ ወደ 90 ይጠጋል። ያኔ ሠሪው ሁለት ምርጫ አለው። ድንጋዩን መጣል፣ አለዚያም ገልብጦ የፍላጩን ጠባሳ እንደ አዲስ መምቻ ገጽ ተጠቅሞ ከሌላው ጎን ማውጣት። ገልብጦ መሥራት አንድ ምት ወደፊት ማየትን ይጠይቃል።

ድንጋዮቹ ምን ይላሉ

ምሥራቅ ጎና 10 እና 12 ላይ የተገኙት እናት ድንጋዮች አብዛኞቹ በአንድ ጎን የተሠሩ ናቸው፤ በሁለት ጎን የተሠሩም አሉ። ፍላጮቹ እብጠታቸው ጉልህ፣ ጠርዛቸው ዛሬም ስለታም ነው። በደቃቅ ደለል ውስጥ ስለተቀበሩ ውኃ ብዙ አላንገላታቸውም። ይህን የሚያረጋግጠው ትልልቁ ሳይሆን ትንንሹ ነው፦ ድንጋይ በተመታ ቁጥር ከሚወጡት ቁራጮች አብላጫዎቹ ከ2 ሴንቲ ሜትር የሚያንሱ ስባሪዎች ናቸው፣ ጎርፍ ቀድሞ የሚወስደውም እነዚህን ነው። ስባሪው ከእናት ድንጋዩ ጋር አብሮ ከተገኘ ሥራው እዚያው ተሠርቷል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የምርጫው ጉዳይ ነው። በ2005 ዲትሪክ ስታውት፣ ስለሺ ሰማውና የሥራ ባልደረቦቻቸው አንድ ቀላል ጥያቄ አነሡ፦ በአቅራቢያው በነበረው የወንዝ ጠጠር ውስጥ የነበሩት የድንጋይ ዓይነቶችና መሣሪያ የሆኑት ዓይነቶች አንድ ናቸው ወይ? የጥንቱን ወንዝ ኮረት ናሙና ወስደው አነጻጸሩ። አንድ አልነበሩም። ምሥራቅ ጎና ላይ ትራካይት በወንዙ ከነበረው ድርሻ በላይ ተመርጧል። ኡንዳ ጎና ደቡብ 7 በሚባለው ሥፍራ ደግሞ ላታይትና እንደ መስተዋት የሚሰበሩ ደቃቅ ድንጋዮች ከፍ ያለ ቦታ ይዘዋል፤ እናት ድንጋዮቹም ይበልጥ ተገላብጠው ተሠርተዋል። የምርጫው መለኪያ የክሪስታሉ ብዛትና መጠን፣ የድንጋዩም ሥጋ ደቃቅነት ነበር። እነዚያ ሠሪዎች ማዕድን አያውቁም ነበር፣ ግን ድንጋይ ገልጠው ሲያዩ ምን እንደሚፈልጉ ያውቃሉ።

ይህ ለአንድ የቆየ ክርክር መልስ ሰጥቷል። ከጎና በፊት አንዳንድ ተመራማሪዎች ከ2 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው ሥራ ሁሉ ገና ያልተካነ «ቅድመ ኦልዶዋን» ነው ይሉ ነበር። ከማስረጃዎቻቸው መካከል የታችኛው ኦሞ ትናንሽና የተሰባበሩ የኳርትዝ ቁራጮች ነበሩ። ነገር ግን ኦሞ ላይ የነበረው ጥሬ ዕቃ ራሱ ትንሽ የኳርትዝ ጠጠር ነው፤ ኳርትዝ ሲመታ ይፈረካከሳል እንጂ ወጥ ፍላጭ በቀላሉ አይሰጥም። የዛሬ ባለሙያም ቢሆን ከዚያ ጠጠር የተሻለ ላያወጣ ይችላል። የእጅ ችሎታን ከድንጋይ ላይ የሚያነብ ሰው አስቀድሞ የድንጋዩን ጠባይ ሊቀንስለት ይገባል። ይህ ነጥብ ዛሬም ድረስ በየጽሑፉ ይዘነጋል።

ሌላው ንጽጽር ከእንስሳ ጋር ነው። ካንዚ የተባለው ቦኖቦ (የቺምፓንዚ የቅርብ ዘመድ) ከ1990 ጀምሮ በኒኮላስ ቶትና በካቲ ሺክ ሙከራ ድንጋይ መምታት ተምሮ ነበር። በ2006 የታተመው ጥናት የቦኖቦዎችን ሥራ፣ የዛሬ ሰዎችን ሥራና የጎናን መሣሪያዎች ጎን ለጎን አስቀመጠ። የቦኖቦዎቹ እናት ድንጋይ ጠርዙ የተደበደበ፣ ማዕዘኑ የደነዘ፣ ብዙም ያልተሠራ ሆነ። የጎናው በመካከል ቢወድቅም ወደ ሰዎቹ ያደላ ነበር። ከዚሁ ጥናት የወጣ፣ እምብዛም የማይወራለት አንድ ነገር አለ። ፍላጮች ከድንጋዩ የውጭ ቅርፊት ምን ያህሉን እንደያዙ ታይቶ በስድስት ዓይነት ይከፈላሉ፤ ሙሉ ቅርፊት የለበሰው የመጀመሪያው ምት ነው፣ ቅርፊት የሌለው የኋለኛው። ጎና ላይ የኋለኛው ደረጃ ፍላጮች ከሚጠበቀው በላይ በዝተዋል። እናት ድንጋዮቹ ሌላ ቦታ ተከፍተው፣ ምናልባትም ተፈትነው፣ ከዚያ ወደዚህ መጥተዋል ማለት ነው። የተሻሉት ፍላጮችም ተመርጠው ሳይወሰዱ አልቀሩም። እንግዲህ በቁፋሮ የምናገኘው ትተውት የሄዱትን ነው።

ለምን ተሠሩ

ምሥራቅ ጎና ላይ አጥንት አልተረፈም። የድንጋዩን ጥቅም የነገረን ከሌሎች ሥፍራዎች የመጣ ማስረጃ ነው። ኡንዳ ጎና ደቡብ 6 ላይ የተገኘ አጥንት በስለት የተቆረጠበት ምልክት አለው። ከጎና በስተደቡብ በመካከለኛው አዋሽ ቡሪ ላይ ደግሞ በ1999 የታተመው ጥናት 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያላቸው፣ የተቆረጡና መቅን ለማውጣት የተሰበሩ የእንስሳት አጥንቶች አሳይቷል፤ ብርሃነ አስፋውና ባልደረቦቹ አውስትራሎፒቴከስ ጋርሂ (ድንቅነሽ ከምትመደብበት ወገን) ብለው የሰየሙት ፍጥረትም ከዚያው አካባቢ ነው። ቡሪ ላይ ድንጋዩ እምብዛም የለም። አካባቢው የሐይቅ ዳርቻ ስለነበር ለሥራ የሚሆን ጠጠር አልነበረውም፤ መሣሪያውን ይዘው መጥተው ይዘውት ሄደዋል። ሁለቱ ሥፍራዎች አንድ ላይ ሲነበቡ ነው ትርጉም የሚሰጡት። ጎና የወርክሾፑን ጥራጊ፣ ቡሪ የማዕዱን ትራፊ አስቀርተዋል።

በአጥንት ላይ ያለ ጭረትን ለይቶ ማወቅ የራሱ ጣጣ አለው። የስለት ጭረት ጠባብ፣ ሥሩ ሹል፣ ውስጡም ደቃቅ ትይዩ መስመሮች ያሉት ነው። የጥርስ ጭረት ሰፋ ብሎ ሥሩ ድብልብል ነው። ከብት በአሸዋማ መሬት ላይ አጥንት ሲረግጥ የሚቀረው ጭረት ግን የስለቱን በጣም ስለሚመስል ክርክር ያስነሣል። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተሳተፈበት ቡድን በ2010 ዲኪካ ላይ 3.39 ሚሊዮን ዓመት ያላቸው የተቆረጡ አጥንቶች አገኘሁ ሲል የተነሣበት ተቃውሞ በዋናነት ይኸው ነበር።

ማዕረጉ ለማን ነው?

ሎሜክዊ 3 ላይ የተገኙት ድንጋዮች ከጎናው ጋር በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በመልክም ይለያያሉ። እናት ድንጋዮቹ በአማካይ ከ3 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ዘዴውም በእጅ የያዙትን ትልቅ ድንጋይ መሬት ላይ ካለ ሌላ ድንጋይ ጋር ማላተም፣ ወይም መሬት ላይ አስቀምጦ ከላይ መምታት ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ድንጋዮቹ ከተገኙበት ደለል ጋር ያላቸውን ግንኙነት ይጠራጠራሉ፤ ጥርጣሬው ቢነሣ እንኳ ይህ ሥራ ኦልዶዋን አይደለም። የቦኮል ዶራ 327 ቁራጮች ከ2.58 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተሠሩ ስለሆኑ ከጎና ጋር እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል፤ እነሱን ያጠኑትም ከሎሜክዊ ጋር የሚያያይዛቸው ነገር አላገኙም። ኒያያንጋ ከጎና የመቅደም ዕድል አለው፤ ነገር ግን የዕድሜው ድንበር ከ3 እስከ 2.6 ሚሊዮን ዓመት የተዘረጋ ሰፊ ነው። እዚያ ጉማሬ የታረደበት ማስረጃ አለ፣ በ2025 በወጣው ጥናት መሠረትም ድንጋይ እስከ 13 ኪሎ ሜትር ርቀት ተሸክመው አምጥተዋል።

ስለዚህ «ማን ቀደመ» ከማለት በፊት «ምን ሲሠራ» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ድንጋይ ሰብሮ ስለት ማግኘት ለብቻው ብዙም አያስደንቅም፤ በብራዚል ካፑቺን ጦጣዎች ድንጋይ ከድንጋይ ሲያጋጩ ሳያስቡት ፍላጭ እንደሚያወጡ በ2016 ተዘግቧል፣ በታይላንድም የፍሬ ቅርፊት የሚሰብሩ ጦጣዎች እንዲሁ። ጦጣዎቹ ፍላጩን ዞር ብለው አያዩትም። አንድ ፍላጭ ብቻውን ሠሪው ማን እንደሆነ አይናገርም። የሚናገረው ስብስቡ ነው፦ የተመረጠ ድንጋይ፣ ተደጋግሞ የታረመ ማዕዘን፣ ከአንድ እናት ድንጋይ በተከታታይ የወጡ ፍላጮች። ጎና ይህን ሁሉ ባንድ ቦታ፣ በብዙ መቶ ቁራጭ፣ በተረጋገጠ ዕድሜ ያቀረበ ነው።

ኦልዶዋን ከዚያ በኋላ ወደ 900 ሺህ ዓመት ገደማ ብዙ ሳይለወጥ ኖሯል። በኮንሶ 1.75 ሚሊዮን ዓመት ያላቸው፣ ሁለት ገጻቸው የተጠረበ፣ አሹሊያን የሚባለው የቀጣዩ ዘዴ የእጅ መጥረቢያዎች ሲታዩ አሮጌው ዘዴ አልጠፋም። በጎናው ዳና አውሌ ሰሜን የጥንት ሰው ዝርያ የሆነው የሆሞ ኢሬክተስ የራስ ቅል ከሁለቱም ዓይነት መሣሪያዎች ጋር አብሮ መገኘቱ በ2020 ታትሟል። ለዚህ ምክንያቱን ከሥራው መፈለግ ይሻላል፦ ሥጋ ለመቁረጥ አንዲት ፍላጭ ከበቃች መጥረቢያ ለመጥረብ የሚደክም የለም። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች የድንጋይ መፋቂያ ሠርተው ሲጠቀሙ በእኛው ዘመን ተጠንቷል።

መሬት ላይ ያለው ችግር

ጎናን የገለጠው የዝናብና የጎርፍ መሸርሸር ነው፤ የሚያጠፋውም እሱው። ከደለሉ የወጣ ቁራጭ ቁልቁለቱን ይዞ ይወርድና በሺህ ዓመታት የሚበላለጡ ድንጋዮች ግርጌ ላይ አንድ ላይ ይከማቻሉ። ከገጽ የተለቀመ ቁራጭ ምንም ያህል ቢያምር ዕድሜ የለውም። ባለሙያዎች ስለዚህ ከቁልቁለቱ ግርጌ ጀምረው ወደ ላይ በደረጃ ይቆፍራሉ፣ ቁራጮቹ ከየትኛው ንብብር እንደወጡ እስኪታወቅ ድረስ። እዚያ ሲደርሱ በካሬ ሜትር ተከፋፍሎ፣ በቀጭን መሣሪያ እየተጫረ፣ የእያንዳንዱ ቁራጭ አቀማመጥ በሦስት አቅጣጫ ተለክቶ ይመዘገባል። አፈሩ በደቃቅ ወንፊት ይነፋል፤ ወንፊቱ ሰፊ ከሆነ ከላይ የተነገረው ትንሹ ስባሪ ያመልጣል፣ ከሱም ጋር ሥፍራው በውኃ መታጠቡን ወይም አለመታጠቡን የሚያሳየው ማስረጃ።

ጉዳት የሚያደርሰው ጎርፍ ብቻ ግን አይደለም። መንገድ፣ የእርሻ ልማትና የግንባታ ጠጠር ቁፋሮ ድንጋይን ከነታሪኩ ያነሣሉ። «ያማረ ድንጋይ» ብሎ ኪሱ የሚከት መንገደኛም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው ለባለሥልጣኑ ወዲያው እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዝዛል። በተግባር ማለት፦ አለማንሣት፤ ባለበት ከሳንቲም ወይም ከእስክሪብቶ ጋር ፎቶ ማንሣት፤ የቦታውን መጠቆሚያ በስልክ መያዝ፤ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መንገር። አጥቦ ማምጣት የሚመስለውን ያህል ደግነት አይደለም፤ የተጣበቀው ደለል ራሱ ማስረጃ ነውና።

አሁን ፍለጋው ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው አንድ የጂኦሎጂ ነገር ነው። ጎና ላይ ከ2.9 እስከ 2.7 ሚሊዮን ዓመት መካከል ያለው ደለል ተሸርሽሮ የለም፤ የሃዳር ንብብር ያበቃና በላዩ ላይ በቀጥታ የቡሲዲማ ንብብር ይጀምራል። የጎና ሠሪዎች ሙያውን የተማሩበት ዘመን ካለ ከጠፋው ደለል ጋር አብሮ ጠፍቷል። ያ ዘመን የተረፈው በጎረቤቱ ሌዲ ገራሩ ነው። ቻላቸው ስዩም በ2013 ያገኘው 2.8 ሚሊዮን ዓመት ግድም ያለው የሆሞ (እኛ የምንመደብበት ወገን) መንጋጋ የመጣው ከዚያ ነው፣ ቦኮል ዶራም እዚያው ነው። በ2025 የታተመው ጥናት ደግሞ ከዚሁ ሥፍራ 13 ጥርሶችን አቅርቧል፤ የ2.78 እና የ2.59 ሚሊዮን ዓመቶቹ የሆሞ፣ የ2.63ቱ ግን የአውስትራሎፒቴከስ ሆነው ተገኝተዋል። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ፍላጮች ሲወጡ በአፋር ሜዳ ላይ ድንጋይ ሊያነሣ የሚችል እጅ ከአንድ በላይ ነበር፤ የትኛው እንዳነሣው ለመለየት ደግሞ አጥንትና መሣሪያ በአንድ ንብብር ውስጥ አብረው መገኘት አለባቸው።